ውሃ ለመጠጣት የጠራኋቸው ስብሰባዎች

ዶክተሩ የአልትራሳውንዱን ውጤት አይቶ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ግራ ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር አለ። ሁለተኛ፣ ጠጠሩ ትንሽ ስለሆነ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ከጠጣሁ በራሱ ሊወጣ ይችላል። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወጣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጽፍልኛል፣ እዚያ በመሣሪያ ያወጡታል። መሣሪያው በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቅኩት። ሥራዬ መጠየቅ ነው። መልሱን ስሰማ ሦስቱንም ሊትር ለመጠጣት እዚያው ወሰንኩ።

"ሲሸኑ ደግሞ በማጥለያ ይሁን" አለኝ። "የሻይ ማጥለያ ይበቃል። ጠጠሩን ካገኙት ይዘውልኝ ይምጡ፣ ዓይነቱን ማወቅ አለብን።"

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ ሦስት ሊትር፣ ማጥለያ፣ ሁለት ሳምንት።

የምሠራው ሐዋሳ ፒያሳ ላይ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ባለች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ዘጋቢ ነኝ። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፣ ምርጫ ዘግቤያለሁ፣ ተመልካች ሜዳ ገብቶ ዳኛውን ሲያሯሩጥ እየሮጥኩ ዘግቤያለሁ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ውሃ መጠጣት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለተኛ ምንጭ እጠይቀው ነበር።

ከክሊኒክ ተመልሼ ቢሮ ስገባ ሠራተኛው ሁሉ የውሃ ማሽኑን ከቦ ቆሟል። ማሽኑ ባለ ሃያ ሊትር ጃር በላዩ የሚደፋበት፣ ቧንቧው ሲጫኑት የሚያጉረመርም ዓይነት ነው። ቴክኒሻናችን ተንበርክኮ ጃሩን በስልኩ መብራት ያያል። ከጃሩ ግርጌ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል።

"ማንም እንዳይነካው" አለ ኃላፊያችን። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሰው አክባሪ፣ ማኅተሙን ከኪሱ የማይለይ ሰው ነው። "ይሄ ማስረጃ ነው።"

"ማስረጃ ሳይሆን አልጌ ነው" አለ ቴክኒሻኑ። "መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ አቁመነው ነው። ጃሩ ይመለሳል፣ ማሽኑ ይታጠባል፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። አለቀ።"

"ወንድሜ፣ አለቀ የሚባለው በቃለ ጉባኤ ነው።"

ኃላፊያችን አንድ ወረቀት ቀድዶ ቧንቧው ላይ ለጠፈና ማኅተሙን መታበት። ከዚያ ኮሚቴ ሰየመ። ሥራው ለመሥሪያ ቤቱ ንጹሕና ተስማሚ የመጠጥ ውሃ መርጦ ማቅረብ ነው። ቴክኒሻኑና ዜና አንባቢዋ አባል ሆኑ፣ የቢሮ ጸሐፊያችን ቃለ ጉባኤ ያዥ። "ሰብሳቢው ጋሼ ይሁኑ" አለ ወደ እኔ እያየ። "እርስዎ ሳያጣሩ አይናገሩም።"

በሙያ ዘመኔ ከስብሰባ ስሸሽ ነው የኖርኩት። ግን ጎኔን ያመኝ ስለነበር አልተከራከርኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ስድስት ፍሬ ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ ገዝቼ ፎቁን ወጣሁ። ስድስት ግማሽ ሦስት ነው፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ያላሰብኩት ማሽኑ መታሸጉን ነው። ቢሮው ውስጥ ውሃ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ውይ ጋሼ፣ ውሃ ነው?" አለች ዜና አንባቢዋ በጠረጴዛዬ በኩል ስታልፍ።

"ጠጪ" አልኩ።

ጠጪ አለማለት አይቻልም። እንደዚህ ነው ያደግነው፣ ሰው እያየህ ብቻህን አትጎርስም። እሷም "አፌን ላርጥብ ብቻ" ብላ ግማሹን ጠጣች። ቴክኒሻኑ መጣ። ጥበቃው መጣ። አንድ ለቃለ ምልልስ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁና አንዱን ሙሉ አቀበልኩት። ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ የተገዛ፣ ስድስት ጠርሙስ። የጠጣሁት፣ አንድ ጠርሙስና ሩብ።

በሁለተኛው ቀን ሁለት እሽግ ገዛሁ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ከሁለተኛ ፎቅ ሰዎች መጡ። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሶቹን መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ካሴቶች ጀርባ ደበቅኳቸውና ጎንበስ እያልኩ እጎነጭ ጀመር።

"ጋሼ፣ መሳቢያዎ ውስጥ ምንድነው የሚንቋቋው?" አለች ዜና አንባቢዋ ከማዶ።

ካፌ ወርጄም ሞክሬያለሁ። ግን ዕድሜ ልኩን በሬዲዮ ሲያወራ የኖረ ሰው ፒያሳ ላይ ብቻውን አይቀመጥም። ጠርሙሱ ሲከፈት ወንበር ይሳባል። ቤቴ ጠዋትና ማታ የምጠጣው ተደምሮ እንኳ ደብተሬ አንድ ሊትር ተኩልን አላለፈም። ከሁለቱ ሳምንት ሦስት ቀን ሄዷል፣ ጠጠሩ የትም አልሄደም።

በአራተኛው ቀን የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ሆነ። ሦስታችን እንደተቀመጥን ጸሐፊዋ ካርቶን ይዛ ገብታ በእያንዳንዳችን ፊት አንድ አንድ የታሸገ ውሃ አስቀመጠች።

"ይሄ ከየት መጣ?" አልኩ።

"የስብሰባ መስተንግዶ ነው ጋሼ። ለስብሰባ ይፈቀዳል።"

"ለሥራስ?"

"ለሥራማ የለም።"

ጠርሙሴን ከፈትኩ። ዙሪያዬን ተመለከትኩ። የሁሉም ሰው ውሃ ፊቱ አለ። ማንም የእኔን አላየም፣ ማንም ጉሮሮውን አልጠረገም። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከአፉ እስከ ግርጌው በሰላም ጠጣሁ። ዜና አንባቢዋ ደግሞ የእሷን ወደ እኔ ገፋችው።

"የኔንም ይውሰዱት። በቤተ ክርስቲያናችን ጾም ጸሎት ይዘናል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጠጣም።"

በአርባ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሊትር። ደብተሬን ከጠረጴዛው ሥር ከፍቼ መዘገብኩ።

ቴክኒሻኑ በበኩሉ ሥራውን ጨርሷል። "ከታመነ ሻጭ ማኅተሙ ያልተነካ ጃር እንግዛ፣ ጥላ ውስጥ እናስቀምጥ፣ ማሽኑን በየወሩ እንጠብ። ሌላ የሚባል ነገር አለ?" አለ።

አልነበረም። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እጁን ጨብጬ ወደ ዜናዬ እመለስ ነበር።

"የታመነ የሚለው ቃል መጣራት አለበት" አልኩ። "ነገ እንቀጥል።"

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። "ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ሁለተኛ ዙር ውሃ አመጣለሁ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው" አለች። ይህንንም መዘገብኩት። ከዚያ በኋላ የመራኋቸው ስብሰባዎች አንዳቸውም ከአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አላነሱም።

በሁለተኛው ስብሰባ ስለ ማፍላት ተነጋገርን። ዜና አንባቢዋ "የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ለምን አፍልተን አንጠጣም? ማሰሮ አለን፣ ምድጃ አለን" አለች።

ቴክኒሻኑ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አሳያት። የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ ቆላው ውስጥ ነው፣ በጉድጓድ ውሃ ነው ያደገው፣ ጥርሱ እንደ ሻይ ቡናማ ነው። እሱ ራሱ ይቀልድበታል።

"እናቴ አንድ ቀን ሳታፈላ አጠጥታን አታውቅም" አለ። "ተቅማጥ የሚባል ቤታችን አልገባም። ጀርሙ ሞቷል። ጥርሴ ግን ይኸው። ውሃው ውስጥ ያለው፣ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ እሳት አይፈራም፣ ውሃው ሲተን እሱ ድስት ውስጥ ይቀራል። ባፈላሽው ቁጥር ይወፍራል።"

"እና ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች ጸሐፊዋ።

"ጥርሴን ጻፊ።"

እሷም ጻፈች። ቃለ ጉባኤው እስካሁን ፋይል ውስጥ አለ፦ "አባሉ ማፍላት ጀርም እንደሚገድል፣ ፍሎራይድን ግን እንደማያስወግድ አስረድተው ጥርሳቸውን በማስረጃነት አቅርበዋል።"

በሦስተኛው ስብሰባ የመስክ ጉብኝት አደረግን። ጉብኝትም እንደ ስብሰባ ስለሚቆጠር ካርቶኑ አብሮን በባጃጅ ተጫነ። መሃል ከተማ አንድ ሱቅ በር ላይ ጃሮች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ቴክኒሻኑ የአንዱን ክዳን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ቀለበቱ ተነስቶ እጁ ላይ ቀረ።

"ይሄ ተከፍቷል" አለው ለባለሱቁ።

"ኧረ አልተከፈተም! ላልቶ ነው።"

"ማን አላላው?"

"ሙቀቱ ነዋ። የሐዋሳን ሙቀት አታውቀውም እንዴ? እኔንም አላልቶኛል።"

እዚያው ቆሜ የጉብኝቱን ውሃ ጠጣሁ። ባለሱቁ የእሱን ሸቀጥ ትቼ ከካርቶን ስጠጣ አይቶ በጣም ተቀየመ። "ጋሼ፣ በሬዲዮ ስሰማዎት እንዲህ አይመስሉኝም ነበር" አለኝ።

የጠጣሁት ውሃ የግድ መውጣት ነበረበት፣ ይህ ደግሞ የራሱ አሠራር አለው። የፎቃችን መጸዳጃ ቤት ይቆለፋል፣ ቁልፉም አንድ ነው። ሰው ኪሱ ከትቶት እንዳይሄድ ቴክኒሻኑ ከሞተ የስቱዲዮ ማይክሮፎን ጋር አስሮታል። ስለዚህ በእኛ ቢሮ ማይክሮፎን ይዞ በኮሪደር የሚጣደፍ ሰው ሁልጊዜ ወደ ዜና አይሄድም። እኔ ደግሞ በአንድ እጄ ማይክሮፎን፣ በሌላው የሻይ ማጥለያ ይዤ በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ እመላለስ ጀመር። ማጥለያውን በጋዜጣ እጠቀልለዋለሁ፣ እጀታው ግን ይወጣል።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ስብሰባ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አራት አዳዲስ ማጥለያዎች ተደርድረዋል። ኃላፊያችንም ሊታዘብ መጥቶ ተቀምጧል፣ አራተኛው የእሱ ነው። ከታሸገው ጠርሙስ ወደ ብርጭቆ በማጥለያ እያንቆረቆሩ ይጠጣሉ።

"ጋሼ ሳይናገሩ አስተማሩን" አለ ኃላፊያችን። "ጸሐፊያችን ነች ያስተዋለችው። ሰው ቢሮው ድረስ ማጥለያ ይዞ የሚመጣው ያወቀው ነገር ቢኖር ነው።"

"ማጥለያ የሚያስቀረው ዝንብ ነው" አለ ቴክኒሻኑ፣ እሱም እያጠለለ።

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። በዕድሜዬ ስህተት ሰምቼ ሳላርም አልፌ አላውቅም። ከዚያ አራቱንም አየኋቸው፣ ብርጭቆው አፋቸው ላይ ነው። አፌን ዘጋሁ። ጸሐፊዋ የእሷን ማጥለያ ስታቀብለኝ አመስግኜ አጠለልኩ።

ኮሚቴው ከዚህ በኋላ በራሱ እግር ሄደ። ማሽኑ እንደታሸገ፣ ቢሮው እንደተጠማ ስለነበር ሰው ሁሉ የኮሚቴ አባል ልሁን ይል ጀመር። የስፖርት ክፍሉ በሙሉ ገባ። ኃላፊያችን ሰው ሲበዛበት በሦስት ንዑስ ኮሚቴ ከፈለን፦ የጣዕም፣ የዕቃና የቦታ። በሦስቱም እንድገባ ጠየቅኩ።

"እንደ እርስዎ ያለ ቅን ሰው አላየሁም" አለኝ።

ዜና ሳሳ። አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት መግለጫ ሰጥቶ ከእኛ ጣቢያ የሄደ ሰው አልነበረም፣ ሁላችንም የጃሩ አፍ ወደ ግድግዳ ይዙር ወይስ ወደ በር በሚለው ላይ ነበርን። ጥያቄውን ያነሳችው ዜና አንባቢዋ ናት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ያን ቀን ደብተሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሊትር ሞላ፣ በማግሥቱ ሦስት ሊትር ከሩብ። ሕመሙም ከጎኔ ተነስቶ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ አንድ ጉድጓድ ስንዘል እግዜርን ጠራሁ፣ ሾፌሩ ይቅርታ ጠየቀኝ። ለዶክተሩ ስደውልለት "መውረዱ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ቀን ነው የቀረን" አለኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ኃላፊያችን ትዕግሥቱ አለቀ። "ዛሬ ውሳኔ" አለ። የሦስት ሻጮች ውሃ በሦስት ማሰሮ ቀርቦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ተጽፎበታል። የማን እንደሆነ ጸሐፊዋ ብቻ ታውቃለች። ሁሉም አንድ አንድ ሲኒ ቀመሰ። እኔ የመጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ቀመስኩ፣ ሁለተኛውን አራት ጊዜ፣ ከዚያ ለማነጻጸር ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው" አለኝ ቴክኒሻኑ በጆሮዬ። "ምን ያህል ይለያያል ብለው ነው?"

ሦስተኛው ማሰሮ ላይ ስደርስ ሕመሙ መጣ። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ለማያውቀው ማስረዳት አልችልም። ማጥለያዬን ከመሳቢያ አንስቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ማይክሮፎኑ የሚሰቀልበት ሚስማር ባዶ ነው።

"ቁልፉ የት አለ?" አልኩ።

"አሁን እሷ ይዛው ነበር" አለች ጸሐፊዋ ከኋላዬ። "የሰባት ሰዓት ዜና ደርሶባት ሮጣ ገባች።"

በስቱዲዮው መስታወት አየሁ። ቀይ መብራት በርቷል። ዜና አንባቢዋ በሚሠራው ማይክሮፎን እያነበበች ነው፣ የሞተው ከነቁልፉ ክርኗ አጠገብ ተጋድሟል። ዜናው ገና ከአርዕስቱ አልወረደም። አሥር ደቂቃ ይቀረዋል።

ቀይ መብራት በርቶ ስቱዲዮ ገብቼ አላውቅም፣ የገባ ሰውም አላሳለፍኩም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ቀና ስትል አየችኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ እሷ ግን ሰበር ዜና ያመጣሁ መስሏት በዓይኗ "ምን ተፈጠረ?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አላመነችም። ማጥለያውን አየች። የባሰ ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ያነበበችበትን ፍጥነት ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ በጣቢያችን አልሰማሁም። የውጭ ዜናው እንደ ጨረታ ማስታወቂያ አለፈ፣ ስፖርቱ ውጤት ብቻ ሆነ፣ ሐዋሳ ፀሐያማ ናት ብላ ሙዚቃ ለቀቀች። በሩን በርግዳ ወጣች።

"ጋሼ! ማን ሞተ?"

"ቁልፉን።"

የሆነው ሁሉ የሆነው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ማጥለያው ላይ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግማሽ ምስር ክክ የምታክል፣ ቡናማ፣ ጎኗ የሻከረ ነገር ናት። ከዚህች ጋር ነው የከረምነው። ታጠብኩ፣ እሷንም አጠብኳት፣ ከደብተሬ ገጽ ቀድጄ ጠቀለልኳት፣ ላዩ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ። ላብ በላብ ሆኜ ግን ቀጥ ብዬ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ።

"ውሳኔ ላይ እንድረስ" አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

"አሁን?" አለ የስፖርቱ አዘጋጅ። "የቦታ ንዑስ ኮሚቴ ገና አላቀረበም።"

"ቴክኒሻኑ በመጀመሪያው ቀን ያቀረበው ሐሳብ አለ። ማኅተሙ የታየ ጃር፣ ጥላ፣ በየወሩ እጥበት። የምትደግፉ?"

አራት ደቂቃ ፈጀ። ኃላፊያችን በራሱ እጅ ወረቀቱን ከቧንቧው ላይ ላጠው።

ዶክተሩ ጠጠሩን በመብራት እያገላበጠ አየና ሪፈር ሊጽፍበት ያዘጋጀውን ወረቀት ወደ መሳቢያው መለሰ። "ጎበዝ። ይመረመራል" አለ። ደብተሬን ደግሞ ገጽ በገጽ አነበበ። "ይሄ የመጀመሪያው ሳምንት ምን ሆነው ነው? ከዚያ በኋላስ እንዴት እንዲህ ጨመረ?"

"ስብሰባ በዝቶ ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ አልጠየቀኝም። ውሃውን ግን በዚያው እንድቀጥል አዘዘኝ።

"እስከ መቼ?"

"ዕድሜ ልክ። አንዴ ጠጠር የሠራ ኩላሊት ደግሞ ይሠራል።"

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ለአራቱም ሁሉን ነገርኳቸው። ማጥለያው ለምን እንደነበረ ጭምር። መጀመሪያ ጸሐፊዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኃላፊያችን ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ "የኔ አዲስ ነው፣ ከሱቅ ነው የገዛሁት" አለ ማንም ሳይጠይቀው። ቴክኒሻኑ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

"እኛ እኮ እናውቅ ነበር!" አለች ዜና አንባቢዋ።

"ምን?"

"መታመምዎን ነዋ። ጎንዎን ይዘው ሲቀመጡ፣ ውሃውን ሲያንደቀድቁ። ለእርስዎ ብለን እኮ ነው ስብሰባውን የጎተትነው። ያ የጃሩ አፍ ጉዳይ ምን መስሎዎት ነው? እኔን የጃር አፍ ምን አግብቶኝ?"

ጸሐፊዋ "አዎ፣ አዎ" አለች በፍጥነት። የስፖርቱ አዘጋጅ ገና ከበር ሲገባ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ፣ "አዎ" አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ዝም ብዬ አልቀበልም። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ፋይሉን አውጥቼ የሁለት ሳምንቱን ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ስብሰባ የሚያራዝም ነጥብ ያነሳውን ሰው ሁሉ ቆጠርኩ። አብዛኛውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዜና አንባቢዋ አምስት አንስታለች፣ ከአምስቱ ሁለቱ እኔ ለሥራ ወጥቼ ባልተገኘሁበት ቀን ናቸው። የስፖርቱ አዘጋጅ ለሁለተኛው ዙር ውሃ ብቻ ሲል ስብሰባ ላይ እንደቆየ በጽሑፍ ሰፍሯል።

እነዚህን ሦስት መስመሮች ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ከሥራቸው አስተያየት ልጽፍ አሰብኩና ተውኩት። በሁለቱ ቀናት አልነበርኩም፣ እሷ ምን አስባ እንደነበር በምን አውቃለሁ? ሳልጽፍ ፋይሉን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ዜና አንባቢዋ ከምሳ ስትመለስ "አጣሩ?" አለችኝ እየሳቀች።

"አጣራሁ" አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ።"